በየሳምንቱ የሚቆረጥ ሳንቲም

የደቡብ ዌልስ የቀድሞ ከሰል ቆፋሪዎች ካልጠየቋቸው በቀር ስለ ጉድጓዱ ጨለማ አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ገንዘብ ነው። ለአንድ ቶን ስንት ይከፈል እንደነበር፣ ከዚያ ላይ ምን ምን ይቆረጥ እንደነበር፣ ሚዛኑ አጠገብ ማን ይቆም እንደነበር። ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን አረጋውያን በየቤታቸው እየዞሩ መርዳት ስለሆነ ከካርዲፍ ወደ ሮንዳ ሸለቆዎች እመላለሳለሁ፤ አንዱን አጥቤ፣ ለሌላዋ መድኃኒቷን አቅርቤ፣ ሻዩ እስኪፈላ ወሬ እሰማለሁ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው አንድ ሽማግሌ ትናንት ማን እንደጎበኛቸው ይጠፋቸዋል፤ ከአባታቸው ደመወዝ በየሳምንቱ ምን ምን ይቆረጥ እንደነበር ግን አንድ በአንድ ይዘረዝሩልኛል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አደጋውም አድማውም በየመጽሐፉ ሞልቷል። እኔን የያዘኝ ሂሳቡ ነው፤ ኩባንያው የሚይዘው ሂሳብ፣ ሰዎቹም ኩባንያውን ስላላመኑት ራሳቸው የያዙት ሌላ ሂሳብ።

ሸለቆዎቹ ጠባብ ናቸው። ግራና ቀኝ ተራራ፣ መሀል ወንዝ፣ ከወንዙ ጎን የባቡር ሐዲድ፣ ከዚያ በላይ በተራራው ወገብ የተደረደሩ የድንጋይ ቤቶች፤ ግድግዳቸው የተያያዘ፣ ደጃቸው በቀጥታ መንገዱ ላይ የሚከፈት። በ1851 ሮንዳ ውስጥ የሚኖረው ሰው አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር፤ አብዛኛው በግ አርቢ ነው። በ1855 ትሬኸርበርት ከሚባለው ቦታ የመጀመሪያው የእንፋሎት ከሰል በባቡር ወደ ካርዲፍ ወረደ። የ1911 ቆጠራ ሲካሄድ የነዋሪው ቁጥር ከ150,000 አልፏል። ከዌልስ ገጠር፣ ከምዕራብ እንግሊዝ፣ ከአየርላንድ የጎረፈ ሕዝብ ነው፤ ከሰሜን ጣሊያን ባርዲ አካባቢ የመጡት ደግሞ ከሰል ከመቆፈር ይልቅ ቡና ቤትና አይስክሬም ቤት ከፈቱ። እዚህ ስለ መጤ የሚያማርር ሰው ሲገጥመኝ አያቶቹ ከየት እንደመጡ እጠይቃለሁ። ሦስት ትውልድ ሳይቆጠር ወይ ሱመርሴት ወይ አየርላንድ ይደረሳል።

ከሰሉ ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ስለሆነ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ከሁሉ አስበልጦ ይፈልገው ነበር። በ1913 የደቡብ ዌልስ ጉድጓዶች 57 ሚሊዮን ቶን ገደማ አወጡ፤ ከ230,000 በላይ ሠራተኛ ነበራቸው። በዚያው ዓመት ከባሪ ወደብ ብቻ ወደ 11 ሚሊዮን ቶን ተጫነ። ይህ ከሰል እኛም ደጃፍ ደርሷል። እንግሊዝ በ1839 የየመንን ወደብ አደንን ስትይዝ አንዱ ምክንያቷ ወደ ህንድ የሚመላለሱ የእንፋሎት መርከቦች ከሰል የሚሞሉበት ቦታ መፈለጓ ነበር፤ ኋላም የዌልስ ከሰል እዚያ ሲራገፍ ኖረ። ፈረንሳይ በ1884 ከቻይና ጋር ስትዋጋ አደን ላይ ከሰል ብትከለከል ኦቦክን የራሷ መሙያ አደረገች፤ ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ተሻገረች፤ ከጅቡቲ ሐዲዱ ተነሳ፤ ድሬዳዋም በሐዲዱ ላይ ተቆረቆረች። በመርከቦቹ ውስጥ ከሰሉን በአካፋ ወደ ምድጃ ይጨምሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ሶማሌዎችና የመኖች ናቸው። ካርዲፍ ወደብ አጠገብ ሠፍረው ቀሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የካርዲፍ ዘዬ ነው የሚናገሩት።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። ከሰሉን ከአለቱ የሚቆርጠው ሠራተኛ ደመወዙ በቶን ነበር። ተንበርክኮ ወይም በጎኑ ተጋድሞ ይቆርጣል፣ ፉርጎው ላይ ይጭናል፣ የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ምልክቱን ያኖርበታል። ከዚያ ፉርጎው ተጎትቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ እሱ እዚያው ከመሬት በታች ነው። ላይ የሚመዝነው የኩባንያው ሰው ነው። ምን ያህል እንደመዘነ፣ ድንጋይ ተቀላቅሎበታል ብሎ ምን ያህል እንደቀነሰ ቆፋሪው የሚሰማው ቅዳሜ ደመወዙን ሲቀበል ነው። በ1860 የወጣ ሕግ ቆፋሪዎች የራሳቸውን መዛኝ መርጠው ከኩባንያው መዛኝ ጎን እንዲያቆሙ ፈቀደ። ደመወዙን የሚከፍሉት ራሳቸው፣ ከራሳቸው ሳንቲም ነው። ኩባንያዎቹ በየሰበቡ ስላስቸገሩ ሕጉ በ1887 እንደገና መጠንከር ነበረበት።

በዚህም አላበቃም። ከሰሉ በብረት ወንፊት ላይ ይፈስሳል፤ በወንፊቱ ያለፈው ደቃቅ ከሰል ለቆፋሪው አይቆጠርለትም። ኩባንያው ግን ደቃቁንም ይሸጠዋል። ይህን መሣሪያ ምን ብለው እንደሚጠሩት ታውቃላችሁ? «ፍትሐዊው ቢሊ»። ሽማግሌው ይህን ስም ሲያነሱ በሳቅ ይጀምሩና ሳሉ ያቋርጣቸዋል።

እንግዲህ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኛው ሁሉ በጋራ የሚመርጠው፣ ኩባንያው ሊያባርረው የማይችል፣ ቁጥር የሚያውቅና ፊት ለፊት የሚከራከር አንድ ሰው አለ ማለት ነው። ከሸለቆዎቹ መሪዎች ብዙዎቹ ከዚያ ወንበር ላይ መነሳታቸው አያስገርምም። ማቦን በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ዊሊያም አብርሃም የቆፋሪዎቹ ወኪል ነበር፤ በ1885 ሮንዳን ወክሎ ፓርላማ ገባ፣ በ1898 የተመሠረተው የደቡብ ዌልስ ማዕድን ሠራተኞች ፌዴሬሽን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። አርተር ሆርነርን ደግሞ የማርዲ ጉድጓድ ሠራተኞች በ1919 መዛኛቸው አድርገው ሲመርጡት እስር ቤት ነበር። ኋላ የመላው ብሪታንያ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኗል። እኔ ይህን ታሪክ ከብዙ የጦርነትና የንግሥና ታሪክ አስበልጬ እወደዋለሁ።

በ1910 ቶኒፓንዲ ላይ የተነሳው ግርግርም ሥሩ ይኸው ነው። አንድ አዲስ የከሰል ንብርብር ተገኘ፤ ድንጋይ የበዛበት ስለሆነ ለመቁረጥ ያስቸግራል። በቶን ስንት ይከፈል በሚለው አልተስማሙም፣ ኩባንያው በሩን ዘጋ፣ አድማው ወደ አጎራባች ጉድጓዶች ሁሉ ተዛመተ። በኅዳር ወር ሱቆች ተሰበሩ፣ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል የለንደን ፖሊሶችን ላከ፣ ወታደርም ተከተለ። እንግሊዝ አገር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና የሚባለው ሰው ስሙ እዚህ ሲነሳ ምራቃቸውን የሚውጡ አረጋውያን ዛሬም አሉ።

የኩባንያው ሂሳብ ውስጥ የሰው ዋጋ ስንት ነበር? አንድ ጊዜ በግልጽ ተጽፏል። ጥቅምት 14 ቀን 1913 ጠዋት ሴንግሄኒዝ በሚባል መንደር ያለው የዩኒቨርሳል ጉድጓድ ፈነዳ። 439 ቆፋሪዎች ሞቱ፤ ከነፍስ አድን ሠራተኞች አንዱ ሲጨመር 440። በብሪታንያ ከሰል ማውጫዎች ከዚያ የከፋ አልደረሰም። ያው ጉድጓድ በ1901 ፈንድቶ 81 ሰው ገድሎ ነበር፤ ከሰል ብናኝና ጋዝ የሚበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው። የ1911 ሕግ የአየር ማራገቢያው የአየሩን አቅጣጫ መልሶ እንዲያዞር ተደርጎ እንዲሠራ ያዝዛል፤ ቀነ ገደቡ ተራዝሞለትም አልተሠራም። ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሥራ አስኪያጁ 24 ፓውንድ ተቀጣ፤ ኩባንያው መጀመሪያ ነፃ ወጥቶ በይግባኝ 10 ፓውንድና የፍርድ ቤት ወጪ ተፈረደበት። ሃያ አራቱን ፓውንድ ለሟቾቹ ብናካፍል ለአንድ ሰው ከአንድ ሺሊንግ ብዙም አይበልጥም (ያኔ አንድ ፓውንድ ሃያ ሺሊንግ፣ አንድ ሺሊንግ አሥራ ሁለት ፔኒ ነበር)። ይህን ማካፈል የጀመርኩት እኔ አይደለሁም፤ ያኔውኑ የአካባቢው ጋዜጣ ሠርቶ አትሞታል። የሸለቆ ሰው ሲበደል መጀመሪያ የሚያደርገው ማስላት ነው።

ከዚያም ወደ ኋላ ቢኬድ በ1842 ለፓርላማ የቀረበ ሪፖርት አለ። ሰባት ዓመት ያልሞላት አንዲት የደቡብ ዌልስ ልጅ ሥራዋ ጉድጓድ ውስጥ የአየር በር መጠበቅ ነው፤ ፉርጎ ሲመጣ ትከፍታለች፣ ሲያልፍ ትዘጋለች። መርማሪው ሲደርስ ከአለት ሥር ተኝታ አገኛት። ዘይቱ አልቆ ኩራዟ ጠፍቶባታል። ሲቀሰቅሳት ዳቦና አይቧን አይጥ ወይም ሌላ ነገር ስለወሰደባት መተኛቷን ነገረችው። በዚያው ዓመት ሴቶችንና ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶች ልጆችን ከመሬት በታች ማሠራት ተከለከለ። አሥር ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ ግን ገባ።

አሁን ወደ ሌላው ሂሳብ። ሽማግሌው በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የአባታቸውን የደመወዝ ወረቀቶች አስቀምጠዋል። እያንዳንዱ ከመዳፍ የማይሰፋ፣ ጠርዙ ቡኒ የሆነ፣ ታጥፎ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ ነው። በአንድ ወገን የገባው፣ በሌላው የተቆረጠው። ስለ መብራት፣ ስለ መሣሪያ ስለት፣ ስለ ቤት ኪራይ። ከነዚህ ሥር ሌላ ዓይነት ተቆራጭ ይመጣል፤ ለሐኪም፣ ለሆስፒታል፣ ለመዛኝ፣ ለአዳራሹና ለቤተ መጻሕፍቱ። አንዳንዱ አንድ ፔኒ፣ አንዳንዱ ሁለት። ሽማግሌው በጥፍራቸው መሀል ላይ መስመር ያሰምሩና «ከዚህ በላይ ያለው የእነሱ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኛ» ይላሉ። ጥፍራቸው ሥር ያለው ጥቁር ነጥብ ቆዳ ውስጥ የገባ ከሰል ነው፤ ሲታጠብ አይወጣም።

ከመስመሩ በታች ያለውን እኛ ለማስረዳት ብዙ አያስፈልገንም፤ እድር ነው። ልዩነቱ ለቀብር ብቻ ሳይሆን ለመኖርም መዋጣቱ ነው። በትረዲጋር ከተማ በ1890 የተቋቋመው የሠራተኞች የሕክምና መረዳጃ ማኅበር አባላቱን ከእያንዳንዱ ፓውንድ ደመወዛቸው ሦስት ፔኒ ያስከፍላቸው ነበር። በዚያ ገንዘብ ሐኪም ቀጠሩ። ነርስ፣ የጥርስ ሐኪም፣ መነጽር፣ ወደ ሩቅ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው የባቡር ቲኬት ሳይቀር ከዚያው ይወጣል። ሐኪሙ የኩባንያው ሳይሆን የሠራተኛው ቅጥር መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ «ይህ ሰው ለሥራ አልደረሰም» ብሎ የሚጽፍ እጅ ደመወዙን ከማን እንደሚቀበል አስቡት። ከጊዜ በኋላ ከከተማው ሕዝብ አብዛኛው የማኅበሩ ተጠቃሚ ሆነ።

አናይሪን ቤቫን በ1897 የተወለደው እዚያው ትረዲጋር ነው። በ13 ዓመቱ ጉድጓድ ገባ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበሩ፤ በ1925 በሳንባ አቧራ በሽታ ሞቱ፤ በሽታው ያኔ ከሥራ የመጣ ተብሎ ስለማይቆጠር ካሳ አልነበረም። ቤቫን የጤና ሚኒስትር ሆኖ ሐምሌ 5 ቀን 1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲጀመር የማደርገው ትረዲጋር ያላትን ለመላው አገር ማዳረስ ነው ይል ነበር። እኔም ዛሬ የዚያው የጤና አገልግሎት ተጠቃሚ ነኝ። እንግሊዞች ይህን አገልግሎት የመንግሥት ደግነት ወይም የጦርነቱ ፍሬ አድርገው ሲያወሩ ስሰማ የብስኩት ቆርቆሮውን ይዞ መምጣት ያምረኛል።

ቤተ መጻሕፍቱስ? በ1930ዎቹ በደቡብ ዌልስ የከሰል አካባቢ ከመቶ በላይ የሠራተኞች ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። በብዙዎቹ የመጽሐፍ ምርጫውን የሚወስነው የቆፋሪዎች ኮሚቴ ነው። ልብ ወለድ በዝቷል፣ የኢኮኖሚ መጽሐፍ አንሷል እየተባለ ይጨቃጨቁ ነበር። ትሪኦርኪ ላይ ፓርክ ኤንድ ዴር የተባለው አዳራሽ ዛሬም ቲያትር ይታይበታል፤ የሁለቱ ጉድጓዶች ስም ነው ያለው፣ ያሠሩትም የሁለቱ ጉድጓዶች ሠራተኞች ከደመወዛቸው አዋጥተው ነው። ጥቁሩ አሜሪካዊ ዘፋኝ ፖል ሮብሰን እዚህ እንደ ዘመድ ይታያል። በ1950ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ፓስፖርቱን ቢነጥቀው ቆፋሪዎቹ በ1957 ፖርትኮል ለተሰበሰበው ዓመታዊ የዘፈን በዓላቸው በውቅያኖስ ስር ባለው የስልክ መስመር ከኒውዮርክ እንዲዘፍንላቸው አደረጉ። እሱ ከዚያ፣ ሺህ ሰው ከዚህ። የተዘመረው ዛሬም በድምፅ ቅጂ አለ።

ሴቶቹ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የሉም። ባልና ወንዶች ልጆች በተለያየ ፈረቃ ሲሠሩ ሌሊትም ቀንም ውኃ የሚያሞቁት እነሱ ናቸው፤ ገንዳው ምድጃው ፊት ይቀመጣል፣ አንዱ ታጥቦ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ ያንን ውኃ መሙላትና መድፋት የእሷ ነው። በጉድጓድ አፍ ላይ መታጠቢያ ቤት ዌልስ ውስጥ መጀመሪያ የተሠራው በ1916 ትሬሃሪስ ላይ ነው፤ ለአብዛኛው መንደር የደረሰው ብዙ ዘግይቶ ነው። በሌላ በኩል ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። አርብ ወይም ቅዳሜ የደመወዙ ፖስታ ሳይከፈት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥላታል፤ ለባልየው የኪስ የምትሰጠው እሷ። የማግዛቸው አንዲት የቆፋሪ ልጅ አባታቸው ፖስታውን ከፍቶ የመጣ ዕለት ቤቱ ውስጥ ማንም አይናገርም ነበር ብለው ነገሩኝ።

ጥር 1 ቀን 1947 ጉድጓዶቹ ሁሉ የመንግሥት ሆኑ። በየበሩ «በሕዝብ ስም የሚተዳደር» የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ሰዎች ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያ ደስታ ሐሰት አልነበረም። ግን ሂሳቡን የያዘው ሰው ተቀየረ እንጂ ሚዛኑ አልተስተካከለም ብዬ እንድከራከር የሚያደርገኝ አበርቫን ነው።

አበርቫን ላይ ከመንደሩ በላይ ተራራው ላይ ከጉድጓዱ የሚወጣ ተረፈ ድንጋይና ጭቃ ይከመር ነበር። ሰባተኛው ክምር የተደፋው ምንጭ ላይ ነው፤ ምንጩ በካርታ ላይ ያለ ነው። የአካባቢው ምክር ቤት በ1963 ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የሚደፋው ዝቃጭ አደጋ አለው ብሎ በጽሑፍ አሳስቦ ነበር። ጥቅምት 21 ቀን 1966፣ ትምህርት ቤቱ ለአጭር እረፍት ሊዘጋ የመጨረሻው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ክምሩ ተናደ። 116 ሕፃናትና 28 አዋቂዎች ሞቱ። አጣሪው ጉባኤ ጥፋቱ ጉድጓዶቹን በመንግሥት ስም የሚያስተዳድረው የብሔራዊ የከሰል ቦርድ ነው አለ። የተከሰሰ የለም፣ ከሥራ የተባረረ የለም። ቦርዱ ለአንድ ልጅ 500 ፓውንድ ከፈለ።

የቀሩት ክምሮች ይነሱልን ብለው ወላጆቹ ለመኑ። መንግሥትም ቦርዱም የማንሻው ወጪ በዛብን አሉ። በመጨረሻ ከየዓለሙ ለሐዘንተኞቹ ከተዋጣው የእርዳታ ገንዘብ ላይ 150,000 ፓውንድ ተወስዶ ለማንሻው ዋለ። ልጆቻቸውን የገደለውን ነገር ለማስነሳት ራሳቸው ከፈሉ። ገንዘቡ የተመለሰው በ1997 ነው፤ ያውም ያው 150,000፣ ያለ ወለድ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሂሳብ ሳይዘጉ የያዙት የአበርቫን ሰዎች ናቸው። የዌልስ መንግሥት በ2007 ተጨማሪ ገንዘብ የሰጠው እነሱ ዝም ስላላሉ ነው።

ጉድጓዶች እንዳይዘጉ ቆፋሪዎቹ ስላደረጉት የ1984ቱ አድማ ብዙ ስለተባለ አላረዝመውም። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አብቅቷል፤ በደቡብ ዌልስ እስከ መጨረሻው ወደ ሥራ ገበታው የተመለሰው በጣም ጥቂት ነበር፤ የማርዲ ሰዎች በመጋቢት 1985 ማርሽ ባንድ አስቀድመው በሰልፍ ወደ ጉድጓዳቸው ገቡ። በ1990 ማርዲ ተዘጋ፣ ሮንዳ ውስጥ ጉድጓድ አልቀረም። ከዚያ የሚገርመኝ ታወር የተባለው ጉድጓድ ነገር ነው። በ1994 አያዋጣም ተብሎ ሲዘጋ 239 ሠራተኞች ከስንብት ገንዘባቸው 8,000 ፓውንድ እያዋጡ ገዙት፤ በጥር 1995 ከፈቱት፣ ከሰሉ እስኪያልቅ እስከ 2008 ሠሩበት። የባለሥልጣኖቹ ስሌት አያዋጣም ያለውን ቆፋሪዎቹ አሥራ ሦስት ዓመት አዋጡት።

የቀረው አቧራው ነው። እዚህ የሳንባ ጉዳት በመቶኛ ነበር የሚመደበው፤ ካሳውም በዚያው ልክ። ሰዎች ሲተዋወቁ «እሱ ሃምሳ በመቶ አቧራ ነው» ይባባላሉ። በ1998 ፍርድ ቤት የከሰል ቦርዱ ጥፋተኛ ነው ብሎ ከወሰነ በኋላ ለትንፋሽ በሽተኞች ትልቅ የካሳ ክፍያ ተጀመረ፤ ፎርሙ ስንት ዓመት አጨስክ ብሎ ይጠይቅና ከዚያ ላይ ይቀንሳል። ሽማግሌው ይህን ሲያነሱ «ፍትሐዊው ቢሊ ጡረታ አልወጣም» አሉኝ። ብዙዎች ገንዘቡ ሳይደርሳቸው ሞቱ፤ የደረሳቸው ደረጃ መውጫ ወንበር አስገጠሙበት።

በየካቲት 2020 በከባድ ዝናብ ታይለርስታውን ላይ ያረጀ ክምር ተንዶ ወደ ወንዙ ወረደ። ሰው አልሞተም። መንግሥት ሲቆጥር በዌልስ ከ2,000 በላይ የተተዉ ክምሮች ተገኙ። ጥበቃውን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ወዲያው ተነሳ፤ ከሰሉ የተሸጠበትን ገንዘብ የወሰዱት ኩባንያዎች አብዛኞቹ ዛሬ የሉም።

ዌልስ የመጣችሁ ብሌናቮን ያለውን ቢግ ፒት ሙዚየም እዩት። በ1980 የተዘጋ እውነተኛ ጉድጓድ ነው፣ 90 ሜትር ያህል ያወርዷችኋል። ስልክና ባትሪ ያለው ሰዓት በር ላይ ታስረክባላችሁ፤ የቁር መብራት ያስሩላችኋል። አስጎብኚዎቹ የማዕድን ሰዎች ናቸው። ከመሬት በታች ፉርጎ ይጎትቱ ስለነበሩት ፈረሶችና ስለ ጨለማው ሳትጠይቋቸውም ይነግሯችኋል። እናንተ ስለ ሚዛኑ ጠይቁ። መልሱ ስለሚረዝም ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።